የተላጠው ፎንት ቡናን «በና» እንዳያደርገው

በላ፣ ቡላ፣ ቢላ፣ ባላ፣ ብላ። አምስቱም የታወቁ ቃላት ናቸው፤ የሚለያዩት «በ» ላይ በምትደረግ አንዲት ትንሽ ለውጥ ብቻ ነው። ጭረቷ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ከወጣች ቡላ፣ ከቀኝ እግሩ ግርጌ ከወጣች ቢላ፣ በግራ እግሩ ወገብ ላይ ከሆነች ብላ፤ ግራ እግሩ ካጠረ ደግሞ ባላ። ይህን ፊደል ወፍራምና ጠባብ አድርጋችሁ ላዩን እንደ አሮጌ በርሜል ቀለም ብትልጡት መጀመሪያ የምትጠፋው ይቺው ጭረት ናት፤ ከሁሉ ትንሿ እሷ ናትና። የቡና ቤት ፖስተር «በና» ተብሎ የሚነበበው በዚህ መንገድ ነው።

ወፍራም፣ ጠባብ፣ የተፋቀ፣ ፋብሪካ ፋብሪካ የሚሸት ፎንት ዛሬ ለጂም፣ ለጋራዥ፣ ለቡና ማሸጊያ፣ ለኮንሰርት ፖስተር፣ ለቲሸርት ሁሉ ይፈለጋል። ዘሩ የሚመዘዘው ከአሜሪካ የእንጨት ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1827 ዳርየስ ዌልስ ኒው ዮርክ ውስጥ እንጨት በሚቦረቡር ማሽን ትልልቅ የማተሚያ ፊደላትን በብዛት ማምረት ጀመረ፤ በ1834 ዊልያም ሌቨንወርዝ ፓንቶግራፍ ጨመረበትና ከአንድ ሞዴል የተለያየ መጠን መቅረጽ ቀለለ። ጠባብነቱ ለውበት ተብሎ የመጣ አይደለም። የወረቀቱ ስፋት የተወሰነ ነው፣ ቃሉ ረጅም ነው፣ ፊደሉ ደግሞ ከመንገድ ማዶ መታየት አለበት፤ ቁመቱን ሳይነኩ ወርዱን መቀነስ እንጂ ሌላ መላ የለውም። ብዙ ኮምፒውተር ላይ የሚገኘው ኢምፓክት የሚባለው ፎንት የዚሁ ዘመድ ነው፤ ጄፍሪ ሊ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሼፊልዱ ስቲቨንሰን ብሌክ የሠራው። የግዕዝ ፊደል ግን የለውም። ኢምፓክትን መርጣችሁ አማርኛ ስትጽፉ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይናገር ወደ ኒያላ ወይም ወደ ሌላ ፎንት ይሻገራል። እንግሊዝኛው ግንብ አክሎ አማርኛው ከጎኑ ኮስሶ የምናየው ባነር ሁሉ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ያኔ የሚመጣው ፈተና ያለውን ፎንት በጎን ጨምቆ መገላገል ነው። አያዋጣም፤ ምክንያቱም ተራ ሒሳብ ነው። እግሩ 150 ዩኒት (ፎንት ሲሳል የሚለካበት አሃድ)፣ አግድም መስመሩ 100 ዩኒት የሆነን ፊደል ወርዱን ወደ 60 በመቶ ብታወርዱት እግሩ 90 ይሆናል፣ አግድሙ ግን 100 እንዳለ ይቀራል። የቆመው ከተጋደመው ቀጠነ ማለት ነው። በግዕዝ የብዕር ልማድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እግር ይወፍራል፣ አግድም ይቀጥናል። የተጨመቀ ፊደል ስሙን ባናውቀውም ዓይናችን ወዲያው «የሆነ ነገር ተበላሽቷል» የሚለን ለዚህ ነው። ራሳችሁ የማትስሉ ከሆነ ይልቅ ከጉግሉ ነጻ ፎንት፣ ከኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ተነሡ፤ ውፍረቱ እስከ 900 ይሄዳል፣ ወርዱም እስከ 62.5 በመቶ ይጠባል፤ ሲጠብም እግሩ ታስቦበት የተሳለ ነው። ፈቃዱ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ስለሆነ መቀየር ትችላላችሁ፤ የቀየራችሁትን ግን በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለባችሁ፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥም አይፈቀድም። ሸጦ ለመጠቀም ላሰበ ያለው መንገድ ከባዶ መሳል ነው።

ለሚስል ሰው ልኬቱ ይኸው። ኤሙን (ፊደሉ የሚሳልበትን ሙሉ ከፍታ) 1000 ዩኒት፣ የፊደሉን ቁመት 700 አድርጉ። ባለ ሁለት እግሮቹ፣ እንደ «በ» ያሉት፣ እያንዳንዱ እግር 130፣ መሃል ላይ ያለው ክፍተት 70፣ በድምሩ 330 ይሁኑ። ባለ ሦስት እግሮቹን «ሐ»ንና «ጠ»ን በዚሁ ልክ ብትሄዱባቸው ቃሉን ይበትኑታል፤ እግራቸውን 110፣ ሁለቱን ክፍተቶች 60፣ 60 ብታደርጉ 450 ላይ ይቆማሉ። 20 ዩኒት መቅጠናቸውን ማንም አያስተውልም። ከ110 በታች ስትወርዱ ግን ከጎረቤታቸው ጋር ሲቆሙ የታመሙ ይመስላሉ። ከፊደሉ ግራና ቀኝ 25 ዩኒት አየር ተዉ። በካዕብና በሣልስ ጭረቷ ወደ ቀኝ 60 ዩኒት ያህል ስለምትወጣ የቀኙን አየር ወደ 12 ዝቅ አድርጉት፤ አለዚያ «ቡና» ሲጻፍ በ«ቡ»ና በ«ና» መካከል ቃል የተለያየ ያህል ክፍተት ይታያል።

ወፍራምና ጠባብ ፊደል ላይ ዋናው ጣጣ ኃምስ ነው። የ«ቤ» ቀለበት 130 ዩኒት እግር ግርጌ ላይ ተለጥፋ ሆዷ ክፍት ሆኖ መቆየት አለባት። ሆዷ ከተደፈነ «ቤት» የነበረው «ቢት» ነው። ቀዳዳዋን ቢያንስ 45 ዩኒት አድርጉ። 45 ዩኒት በ24 ነጥብ መጠን ሲታተም 0.38 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በ32 ነጥብ ግማሽ ሚሊሜትር ይሆናል። ቲሸርት ላይ በስክሪን ፕሪንት ለሚታተም ሥራ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ያለ ቀዳዳ ቀለሙ ሲጫን ይደፈናል፤ ስለዚህ የፎንቱ ዝቅተኛ መጠን በዚች ቀለበት ይወሰናል እንጂ በሌላ አይደለም። ቦታ ካጣችሁ ቀለበቷን አታሳንሱ፤ የምትነካውን እግር ከግርጌው በ30 ዩኒት አቅጥኑላት።

ሁለተኛው የአደጋ ቀጠና አናት ነው። «ሰ» እና «ሸ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ደ» እና «ጀ» የሚለያዩት ከላይ በተጋደመች ሰረዝ ነው። ሰረዟ ተፍቃ ከጠፋች «ሸማ» «ሰማ» ይሆናል፤ የሸማ ሱቅ ምልክት ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። ሰረዟን ከ700 በላይ አውጥቶ 780 ማድረስ ይቻላል፤ ግን እንዲህ ያለ ፎንት መስመሮቹን አጠጋግቶ ለመደርደር የሚፈለግ ስለሆነ ከላይኛው መስመር «ሷ» ወይም «ቧ» ከምትወጣው የግርጌ ሰረዝ ጋር ትጋጫለች። የእኔ ምርጫ የፊደሉን አካል ወደ 610 አሳጥሮ ሰረዟን 90 ዩኒት ሰጥቶ እዚያው 700 ውስጥ ማስገባት ነው። «ሸ» ከ«ሰ» ትንሽ አጠር ያለ አካል ይኖረዋል፤ ይኑረው።

ፊደሉን ንጹህ አድርጋችሁ ሳትጨርሱ ወደ መፋቅ አትሂዱ። ለአማርኛ 34 ቤተሰብ («ቨ»ን ጨምሮ) በሰባት ሲባዛ 238 ነው፤ እነ «ቋ»፣ «ጓ»፣ «ሏ»፣ «ሟ» ያሉት ዲቃሎች ሲገቡ 280 ገደማ፤ ሥርዓተ ነጥቡ፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮች፣ 10ሩ አረብኛ ቁጥሮችና ቅንፉ ሲጨመሩ ከ320 ያልፋል። ሁሉም በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በሚስማሙበት የፊደላት ቁጥር) ቦታቸው ይቀመጡ። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ ፎንቶች አሠራር በእንግሊዝኛ ቁልፎች ላይ ከደፋችኋቸው ደንበኛው ከቴሌግራም ገልብጦ የለጠፈው ጽሑፍ በፎንታችሁ አይታይም።

አሁን ወደ መፋቁ። ቅድሚያ የሚወሰነው «ምን አረጀው?» የሚለው ነው፤ ብዙ ያረጁ ፎንቶች ውሸት የሚመስሉት ይህን ስለማይመልሱ ነው። የእንጨት ፊደል ሲያረጅ ማዕዘኖቹ ይደንዛሉ፣ ሆዱ ላይ ቀለም የማይደርስባቸው ጎድጓዶች ይታያሉ፣ አልፎ አልፎ የእንጨቱ ሥር ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ላሜራ ላይ የተቀባ ቀለም ከጠርዝ ጀምሮ በቅርፊት ይላጣል፤ ዝገቱ ወደ ታች ይፈሳል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። ጆንያ ላይ በስቴንስል የተረጨ ፊደል ደግሞ የሽመናውን ጥልፍልፍ ይዞ ይቀራል፣ ጠርዙም ይበተናል። አንዱን ምረጡና በሱ ጽኑ። የእንጨት ስንጥቅና የዝገት ፍሳሽ አንድ ፊደል ላይ ማየት በረዶ ላይ አቧራ እንደማየት ነው።

ለተላጠ ቀለም መልክ ከኢንተርኔት የወረደ ቴክስቸር አያስፈልግም፤ ሁሉም ሰው ያንኑ ስለሚያወርድ ይታወቃልም። አንድ ኤ4 ወረቀት ሙሉ በሙሉ ጥቁር አድርጋችሁ በሌዘር ፕሪንተር አትሙ። ሌዘር መሆን አለበት፤ የኢንክጄት ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ አይላጥም፣ የሌዘሩ ቶነር ግን ላዩ ላይ ተጋግሮ ነው የሚቀመጠው። ወረቀቱን ጨባብጡት፣ ዘርጉት፣ እንደገና ጨባብጡት፤ እጥፋቶቹ ላይ ቶነሩ እየረገፈ ነጭ ስንጥቅ ይሠራል። ከዚያ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቀለል አድርጋችሁ እሹት። በክብ ካሻችሁት የድስት ፍትጊያ ይመስላል። በ600 ዲፒአይ፣ በግሬይስኬል ስካን አድርጉ። እንዲህ አራት ገጽ አዘጋጁ።

ልኬቱን ከፊደሉ ጋር ለማገናኘት 8 ሴንቲሜትር ወረቀት 700 ዩኒት ነው በሉ። 8 ሴንቲሜትር በ600 ዲፒአይ 1890 ፒክስል ነው፤ ስለዚህ አንድ ዩኒት 2.7 ፒክስል ይይዛል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ኢንክስኬፕ በሚባለው የስዕል ፕሮግራም ውስጥ ምስሉን ወደ ቬክተር (በነጥብና በመስመር ወደተሠራ ቅርጽ) ስትቀይሩ ነው። ከ8 ዩኒት ያነሰች ነቁጥ ለማንም አትታይም፣ ፋይሉን ግን ታሳብጣለች፤ 8 ዩኒት ስፋት ያላት ክብ ነቁጥ 370 ፒክስል አካባቢ ስለምትሸፍን «ስፔክልስ» የሚለውን ወደ 370 አድርሱት። «ስሙዝ ኮርነርስ»ን ከ1 ወደ 0.6 ዝቅ አድርጉ፤ የተላጠ ቀለም ጠርዙ ሹል ነው፣ ከተለሰለሰ የፈሰሰ ወተት ይመስላል። «ኦፕቲማይዝ»ን ከ0.2 ወደ 1 ከፍ ማድረግ ነጥቦቹን ይቀንሳል። አራቱ ገጾች ሲገጣጠሙ 3700 በ5200 ዩኒት ገደማ የሚሆን የጭረት ምንጣፍ ታገኛላችሁ።

ይህን ምንጣፍ እንዳለ ከፊደሉ ላይ መቀነስ ነው እንግዲህ ቡናን በና የሚያደርገው። ከመቀነሱ በፊት ሌላ ድርብ (ሌየር) ክፈቱና መከለያ ሳሉ፦ በካዕብና በሣልስ ጭረት ላይ፣ በኃምስ ቀለበት ላይ፣ በእነ «ሸ» የአናት ሰረዝ ላይ፣ በራብዕና በሳብዕ እግሮች ጫፍ ላይ አራት ማዕዘን። እያንዳንዱ መከለያ ከምልክቱ 15 ዩኒት ወደ ውጭ ይሻገር፤ ዋናው ነገር መገጣጠሚያው ነው። የ«ቡ» ጭረት ራሷ ሳትነካ ከእግሩ ጋር የምትያያዝበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ካለፈ ጭረቷ ተገንጥላ ነጥብ ትመስላለች፣ ፊደሉም «በ» ሆኖ ይነበባል። ሳድስ ደንብ ስለሌለው 34ቱንም አንድ በአንድ ዓይታችሁ መከለያውን በእጅ አድርጉ፤ አቋራጭ የለውም። መከለያው ሲያልቅ መጀመሪያ መከለያውን ከምንጣፉ ቀንሱ፣ ከዚያ የተረፈውን ምንጣፍ ከፊደሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መከለያው ጥቅም አይሰጥም፤ ምልክቶቹም አብረው ይፋቃሉ።

ምልክቶቹ ጨርሶ ንጹህ ሆነው ሲታዩ ደግሞ ከተፋቀው እግር አጠገብ አዲስ ቅብ ይመስላሉ። ጠርዛቸውን ብቻ ከ5 እስከ 8 ዩኒት በእጅ ሸርፉ፤ ውስጣቸውን አትንኩ። በጠቅላላው ከፊደሉ ጥቁር ስፋት ከ6 እስከ 12 በመቶ ቢወጣ ይበቃል። ከ15 በመቶ ካለፈ ያረጀ ሳይሆን የቆሸሸ ነው።

ንጹሁን ፎንት የሠራችሁት «በ»ን አንዴ ስላችሁ ለ«ቡ»፣ ለ«ቢ»፣ ለ«ቤ» በኮምፖነንት እየጠራችሁ ከሆነ ከመፋቁ በፊት ፍቱት። አለዚያ አራቱም ፊደላት አንድ ዓይነት ጠባሳ ይዘው ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ ፊደል ምንጣፉን 370 ዩኒት ያህል እያንሸራተታችሁ ቀንሱ፤ ፎንትፎርጅ በሚባለው ነጻ የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም ላይ በአጭር የፓይተን ስክሪፕት ይሠራል። ምንጣፉን ማዞር ግን አያስፈልግም፤ ወረቀቱን አሽታችሁት የነበረው በአንድ አቅጣጫ ነው።

አማርኛ ደግሞ ፊደል መድገም ይወዳል። «አበበ»፣ «ከበበ»፣ «መመረቅ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሁለት «በ» ጎን ለጎን ቆመው ያው ጠባሳ ያው ቦታ ላይ ካለ አንባቢው ማሽን የፋቀው መሆኑን በአንድ ዓይን ያውቃል፣ ልፋቱም ሁሉ ከንቱ ነው። መፍትሔው ለሚደጋገሙት፣ ማለትም ለ«የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «መ»፣ «አ»፣ «ነ»፣ «ን»፣ «ት»፣ «ው»፣ «ም»፣ «ስ»፣ «ር»፣ «ል»፣ «ች» ሁለት ሁለት ተለዋጭ መሥራት ነው። ኦፕንታይፕ (የዛሬ ፎንቶች የፋይል ዓይነት) ውስጥ «ካልት» በሚባለው ደንብ ፊደሉ ራሱን ተከትሎ ሲመጣ ሁለተኛው፣ አንድ ፊደል ተሻግሮ ሲመጣ ሦስተኛው እንዲተካ ይጻፋል። ሁሉም ፕሮግራም ይህን ደንብ አያከብርም፤ ከኤክስ6 በፊት የነበሩት ኮረልድሮዎች ጭራሽ አያውቁትም። ስለዚህ ተለዋጮቹን በስታይሊስቲክ ሴት 1 እና 2 ውስጥም አስገቧቸው፣ ተጠቃሚው በእጁ እንዲመርጥ።

ፋይሉ ሲወጣ የሚበላሹት ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ግን ሁሌም እነሱው ናቸው። የጭረቱ ቀዳዳ በጥቁር ተሞልቶ ከታየ የመስመሩ አቅጣጫ ተገልብጧል፤ «ኮሬክት ዳይሬክሽን» ያስተካክለዋል። ነጥቦቹ ወደ ሙሉ ቁጥር ካልተጠጋጉ ጠባብ ስንጥቆች ሲቀመጡ ራሳቸውን ያቋርጣሉ፤ መጀመሪያ «ራውንድ ቱ ኢንት»፣ ከዚያ «ሪሙቭ ኦቨርላፕ»። ለአንድ ፊደል ከ150 እስከ 300 ነጥብ ይበቃል፤ 2000 ከሆነ ፎንቱ በብዙ ሜጋባይት ያብጥና ቀርፋፋ ስልክ ላይ ገጹን ያንጠለጥለዋል። ሒንቲንግ አጥፉ። ሒንቲንግ ቀጥ ያለ እግርን ለማስተካከል የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱን ሽራፊ እንደ እግር ቆጥሮ ለማስተካከል ሲሞክር ፊደሉን ያጣምመዋል።

የተፋቀው ብቻውን አይውጣ፤ ንጹሁም በራሱ ፋይል አብሮት ይውጣ። የስቲከር ፕሎተር ያለው ሰው ይፈልገዋል። የ15 ዩኒት ጭረት ፊደሉ 20 ሴንቲሜትር ሲሆን 4.3 ሚሊሜትር ነው፣ ቢላው ቆርጦት በእጅ ይነቀላል። ፊደሉ 5 ሴንቲሜትር ሲሆን ያቺው ጭረት 1 ሚሊሜትር ብቻ ናት፤ ትርፉ ሲነቀል አጠገቧ ያለውን ቀጭን ቁራጭ ይዛው ትነሳለች። ከዚያ በታች ላለ ሥራ ንጹሁን ቆርጦ ስቲከሩ ከተለጠፈ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ይሻላል፤ እውነተኛ ጭረት ነዋ።

ለሙከራ የፓንግራም ፍለጋ አትድከሙ። «በላ ቡላ ቢላ ባላ ብላ»፣ «ሰማ ሸማ»፣ «ቤት ቢት»፣ «ቡና በና»፣ «አበበ» የሚሉትን በ3 ሴንቲሜትር ቁመት አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ 10 ሜትር ራቁና ፎንቱን አይቶ የማያውቅ ሰው ያንብብላችሁ። እናንተ ስለምታውቁት የጠፋውን ጭረት ዓይናችሁ ይሞላዋል። የተሳሳተበት ፊደል ላይ መከለያውን በ10 ዩኒት አስፉና እንደገና ቀንሱ።

ላሜራ ቆርጦ ጆንያ ላይ ለሚረጭ ደግሞ ሦስተኛ ፋይል ያስፈልጋል፣ ድልድይ ያለው። «ወ»፣ «ዐ»፣ «መ»፣ «ቀ»፣ «ፀ» ሆዳቸው ዝግ ስለሆነ ላሜራው ሲቆረጥ መሃሉ ይወድቃል። ፊደሉ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ 30 ዩኒት ድልድይ 4.3 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ከዚህ ከቀጠነ ላሜራው ሲጠረግ ይጣመማል። ለኃምስ ቀለበት ድልድዩን ከግርጌ አድርጉት። በቀኝ በኩል ከከፈታችሁት ቀለበቷ ተሰብራ እግሩ ሥር የተጋደመች ጭረት ትመስላለች፣ ከጆንያው ላይ የሚነበበውም ሣልስ ነው።